ጆሮና ልብ፦ ከወረታ የሩዝ መፈልፈያ ደጃፍ የተነሣ ሐሳብ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ በስተ ግራው እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ያያል። በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በመኸር የሩዝ ነዶ የሚከመርበት፣ በበጋ ደግሞ ከጉማራና ከርብ ወንዞች በሞተር ፓምፕ በሚሳብ ውኃ ሽንኩርት የሚለማበት ሜዳ ነው። ወረታ የምትገኘው በዚሁ ሜዳ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ከዋናው መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ነው። ሩዝ በፎገራ ከተስፋፋ ወዲህ ከተማዋ የሩዝ ከተማ ሆናለች፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚያው ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ድምፅ ደግሞ ለማንም እንግዳ የመጀመሪያው ሰላምታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሄደን ሳለ ከአንድ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ ቆመን መኪና ስንጠብቅ ቆየን። ከውስጥ ማሽኑ ይጮኻል፤ የገለባው አቧራ በበሩ ይወጣል። ጆንያቸውን ተራ አስይዘው ከግድግዳው ጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ሊያናግራቸው ሲፈልግ ጎንበስ ብሎ አፉን ከጆሯቸው ያስጠጋል። እኛም እጅ ነሣን፤ አልሰሙንም። ልጁ ሐፍረት ቢጤ እየተሰማው፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ጆሯቸው ከድቷቸዋል፤ እርጅና ነው» አለን። የማሽኑ ጩኸት ጋርዶብን መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን ከቤትም ቢሆን እንዲሁ እንደሆኑ ነገረን። ቀድሞ ሰው የማይጠፋበት ደጃቸው አሁን ጭር ማለቱን፣ ለሽምግልና ሲጠሩም «አልሰማም» ብለው መቅረት መጀመራቸውን ጨመረልን። ጨዋታው ሲቀጥል ሌላም ነገር ተነሣ። ቤታቸው ከሜዳው ዳር ካለች ኮረብታ ላይ በመሆኑ፣ አባቱ ከገበያ ሲመለሱ አቀበቷን ሳይጨርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቁጭ ብለው ያርፋሉ።

የደም ግፊታቸውን ተለክተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅነው። ወጣቱ በመገረም ተመለከተን። «ያመማቸው እኮ ጆሯቸው ነው፤ ልባቸው ምን ሆነና?» አለ።

ወጣቱ ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። በቋንቋችን «ልብ ብለህ ስማ» ስንል ሁለቱን አካላት በአንድ ትንፋሽ እንጠራቸዋለን እንጂ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ አንዱን ለአንድ ክፍል፣ ሌላውን ለሌላ ክፍል እናስረክባለን። በእኛ እምነት ይህ መለያየት ብዙ ሰው እየጎዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረውም ጆሮና ልብ በምን እንደሚገናኙና ግንኙነቱ እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚገባው ነው።

አንድ የፋኩልቲያችን ባልደረባ የጽሑፉን ርእስ ሲሰማ፣ «የፊዚክስ መምህር ስለ ልብ ምን አገባው?» ሲል ቀልዶብናል። መልሳችን አጭር ነው። ጆሮ ድምፅን እንዴት እንደሚተነትን በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1961 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ጊዮርግ ፎን ቤኬሺ የሃንጋሪ ተወላጅ የሆነ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የልብ ሕክምናም ቢሆን የተጀመረው በጆሮ ነው ማለት ይቻላል። ሬኔ ላኤኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በሕመምተኛዋ ደረት ላይ፣ ሌላውን በራሱ ጆሮ ላይ ባያደርግ ኖሮ የዛሬው ማዳመጫ ባልኖረ ነበር። የደም ግፊት በክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚለካበትን የማዳመጥ ዘዴም ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮፍ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የጤና ባለሙያው የሚያዳምጠው የታፈነ ደም መልሶ መፍሰስ ሲጀምር የሚያሰማውን ድምፅ ነው። ስለዚህ ከልብና ከጆሮ መካከል የፊዚክስ ትምህርት ያልገባበት ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የቦይ መጨረሻ

የድምፅ ሞገድ የጆሮ ታምቡርን ያርገበግባል፤ እርግብግቢቱ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይተላለፋል። ውስጠኛው ጆሮ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ፣ ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠማዘዘ ቱቦ ነው። ቱቦው ቢዘረጋ ርዝመቱ 35 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በውስጡ 15,000 የሚያህሉ ፀጉራም ሴሎች ተሰልፈዋል። ቀጫጭን ድምፆች በቱቦው መግቢያ አካባቢ ይሰማሉ፤ ወፍራሞቹ ደግሞ ወደ ጠመዝማዛው ጫፍ ይዘልቃሉ። ጸጥ ባለ ሌሊት የምንሰማው እጅግ ደካማ ድምፅ ታምቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ከአንድ አቶም ስፋት ባነሰ ርቀት ነው። የሰው ልጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች መካከል ከዚህ የሚስተካከል ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለ ስስ መሣሪያ ያለ ኃይል አይሠራም። ፀጉራም ሴሎቹ የሚነከሩበት ፈሳሽ ፖታሲየም የበዛበት ሲሆን፣ ከአካባቢው አንጻር ወደ 80 ሚሊቮልት የሚጠጋ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ልዩነት አለው። ጆሮ የራሱ ባትሪ አለው ብንል ማጋነን አይሆንም። ባትሪውን ሌት ተቀን የሚሞላው በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚገኝ፣ በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሥራውን ለመሥራት ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። የደም ዝውውሩ ሲዳከም ባትሪው ይወርዳል፤ ባትሪው ሲወርድ ፀጉራም ሴሎቹ በሕይወት ቢኖሩም እንኳ የሰሙትን ወደ አንጎል የማስተላለፍ አቅማቸው ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ፀጉራም ሴሎቹ ራሳቸው ከተቀመጡበት ቦታ የደም ሥር ደርሶ አይነካቸውም፤ ምግባቸውንና ኦክስጅናቸውን የሚያገኙት ከአጠገባቸው ካለው ፈሳሽ ነው። የተፈጥሮ ምክንያቱ፣ የደም ሥር በዚያ ቢያልፍ ኖሮ የገዛ ልባችን ትርታ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይሸፍንብን ስለነበር ነው ተብሎ ይገመታል። ጆሮ ልብን ላለመስማት ሲል ከደም ሥር ራቀ፤ በመራቁም የደም እጥረት ሲመጣ ከሚጎዱት የመጀመሪያዎቹ መካከል ሆነ።

ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚሄደውን ደም የሚያመጣው በመሠረቱ አንዲት ቀጭን የደም ቧንቧ ናት። ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አንዱ ቧንቧ ሲዘጋ በጎን የሚደርስላቸው ሌላ መንገድ ይኖራቸዋል፤ ለዚህ አካል ግን ይህ ነው የሚባል ተለዋጭ መንገድ የለውም። የፎገራ ገበሬ ይህን ለመረዳት የሕክምና መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከርብ የተሳበ ውኃ በቦይ ሲወርድ ውኃው በቀነሰ ጊዜ ቀድሞ የሚደርቀው የማን ማሳ እንደሆነ ያውቃል፤ ከቦዩ መጨረሻ ያለው ነው። ጆሮ በደም ሥር ቦይ መጨረሻ ላይ ያለ ማሳ ነው።

ቦዩ ሲጠብ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠፋ የሚነግረን የፖይዜይ ሕግ ነው። ሐኪምም የፊዚክስ ተመራማሪም የነበረው ፈረንሳዊው ፖይዜይ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ እንዳሳየው፣ የግፊቱ ልዩነት ሳይለወጥ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን በቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ልክ ይለዋወጣል። ሬዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ ፍሰቱ በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ሬዲየሱ 20 በመቶ ብቻ ቢጠብ እንኳ የቀድሞው ፍሰት 41 በመቶ ያህሉ ይቀራል። ደም ውኃ አይደለም፣ የደም ሥርም የብረት ቱቦ አይደለምና ስሌቱ በቀጥታ አይሠራም የሚል ተማሪ ቢኖር ልክ ነው፤ ሆኖም አቅጣጫውን ያሳያል። ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆና የቅባት ክምችት የጥቃቅን ቧንቧዎችን ግድግዳ ያደነድናሉ፤ ያጠባሉ። በልብ ላይ የደረሰው ጉዳት በጆሮም፣ በዓይንም፣ በኩላሊትም ይደርሳል።

ከድንበር ማዶ የተገኘ ማስረጃ

ጉዳዩ በሙከራ የተፈተሸበት የመጀመሪያው ታዋቂ ጥናት የተካሄደው ከአገራችን ብዙም ሳይርቅ ነው። ከአሶሳ በስተ ምዕራብ ከድንበሩ ማዶ፣ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን፣ ማባን የተባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ሳሙኤል ሮዘን የተባለ የኒው ዮርክ የጆሮ ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ወደዚያ ተጉዞ የማባኖችን የመስማት ችሎታ ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመ። በዚያን ጊዜ ማባኖች የጦር መሣሪያ አይተኩሱም፣ ሞተር አያውቁም፣ በአብዛኛው የሚመገቡት ማሽላ ነበር። ሽማግሌዎቻቸው በእነርሱ ዕድሜ ካሉ አሜሪካውያን እጅግ የተሻለ ሲሰሙ ተገኙ። የደም ግፊታቸውም ከዕድሜ ጋር አይጨምርም ነበር።

ሮዘን መጀመሪያ ያሰበው ጸጥታን ነበር፤ ቆይቶ ግን ከጸጥታው ጋር ልብንም አብሮ ማየት ጀመረ። ለዚህም ወደ ፊንላንድ አቀና። በዚያን ጊዜ በሄልሲንኪ አካባቢ በሚገኙ ሁለት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች የአመጋገብ ሙከራ እየተካሄደ ነበር። በአንዱ የወተት ቅባት በአኩሪ አተር ዘይት ተተክቷል፤ በሌላው የተለመደው ምግብ ቀጥሏል። ሮዘንና ፊንላንዳዊው ባልደረባው ኦሊን እ.ኤ.አ. በ1965 እንደዘገቡት፣ የአትክልት ዘይት የተመገቡት ሕሙማን የተሻለ ይሰሙ ነበር።

እነዚህ ጥናቶች ትችት አላጡም፤ ተችዎቹም እውነት አላቸው። የልደት መዝገብ በሌለበት አገር የአንድን ሽማግሌ ዕድሜ በግምት መሙላት ለስሕተት ያጋልጣል። የማባኖች የዘር ውርስም ከኒው ዮርክ ነዋሪዎች የተለየ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ጸጥታው ይሁን ምግቡ ወይስ ውርሱ ለይቶ መናገር አይቻልም። በፊንላንድም ሕሙማኑ በዕጣ አልተመደቡም። ያም ሆኖ ጥያቄው ሕያው ሆኖ ቀጠለ። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በሚካሄደው ታላቅ የልብ ጥናት ውስጥ ከ1,600 በላይ የሆኑ አረጋውያን የመስማት ችሎታ ተለክቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። የልብና የደም ሥር ሕመም የደረሰባቸው ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ወፍራም ድምፆችን የመስማት ችሎታቸው ቀንሶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በዊስኮንሲን የሚገኙ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ዘገቡ።

ወፍራም ድምፆች መጠቀሳቸው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጩኸት የሚያጠፋው በቅድሚያ ቀጭን ድምፆችን፣ ይልቁንም በ4,000 ሄርዝ አካባቢ ያሉትን ነው። ተራ እርጅናም የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ ነው። አንድ ሰው ቀጭኑንም ወፍራሙንም እኩል ማጣት ሲጀምር ግን ከፀጉራም ሴሎቹ ይልቅ ባትሪው ላይ፣ ከባትሪውም አልፎ ደም አመላላሹ ላይ ጥርጣሬ ያድራል። የመስማት ችሎታ መለኪያው ወረቀት ላይ የሚሠራው መስመር ቅርጽ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። «ጆሮህ ከደከመ ልብህ ታሟል» የሚል አርእስት በየጋዜጣው ስናይ አይጥመንም። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም፤ ዕድሜም፣ ስኳርም፣ ትምባሆም ሁለቱንም ሊያመጡ ይችላሉ። በገጠራችን ልጆችን ከሚያደነቁሩት ነገሮች ቀዳሚው ሳይታከም የቆየ መግል የሚያወጣ የጆሮ ሕመም ነው እንጂ ልብ አይደለም። ብዙ ሰውም ጆሮው የተደፈነው በጆሮ ኩክ ሆኖ ይገኛል። የምንለው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሰው መስማቱ ሲቀንስ፣ ግልጽ ምክንያት ካልተገኘለት፣ የደም ግፊቱንና የስኳሩን መጠን መለካት አነስተኛ ወጪ ያለው፣ ብዙ ሊያተርፍ የሚችል እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። የደም ግፊት ሕመም ሳያሰማ የሚኖር ሕመም ነው። ሰው ሳያመው ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም፤ ጆሮው ሲከዳው ግን ቢያንስ ቤተ ሰቡ ያውቃል።

ጩኸት የሚጎዳው ጆሮን ብቻ አይደለም

ወደ ወረታው መፈልፈያ እንመለስ። ደጃፉ ላይ የቆምን እኛ መኪናችን ሲመጣ ሄደናል። ከውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ጆንያ የሚገለብጠው ሠራተኛ ግን በጨርቅ የሸፈነው አፍንጫውን ብቻ ነው። ስለ አቧራው ያውቃል፤ ስለ ድምፁ የነገረው የለም።

ዴሲቤል በሎጋሪዝም የሚሄድ መለኪያ በመሆኑ ተማሪዎቻችን በፈተና ላይ ቀመሩን በትክክል እየጻፉ ትርጉሙን ይዘነጉታል። የ3 ዴሲቤል ጭማሪ በቁጥር ሲታይ ምንም አይመስልም፤ የድምፁ ኃይል ግን እጥፍ ሆኗል። በሥራ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መመሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 88 ሲሆን ወደ 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን ወደ 2 ሰዓት ይወርዳል፤ እንዲህ እያለ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። መለኪያ ለሌለው ሰው አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ክንድህን ዘርግተህ ልትነካው ከምትችለው ሰው ጋር ለመግባባት ድምፅህን ከፍ ማድረግ ካስፈለገህ፣ ያለህበት ቦታ 85 ዴሲቤል አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚያ መፈልፈያ ቤት ውስጥ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በጩኸትም ሳይሆን በእጅ ምልክት ነበር።

ጩኸት ፀጉራም ሴሎችን በቀጥታ ይጎዳል፤ በሰው ውስጥ ደግሞ አንዴ የሞተ ፀጉራም ሴል ተመልሶ አይበቅልም። ይህ በሰፊው የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጩኸት ልብንም መጉዳቱን ነው። አንጎላችን ከፍተኛ ድምፅን የሚተረጉመው እንደ አደጋ ምልክት ነው፤ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉት ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቀቃሉ፣ የደም ሥሮች ይጨመታተራሉ፣ ልብ በፍጥነት ይመታል። ሰውየው ጩኸቱን «ለምጄዋለሁ» ቢልም፣ ተኝቶም እንኳ ቢሆን፣ ሰውነቱ አይለምደውም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የመንገድ ላይ ተሽከርካሪ ድምፅ በቀንና በሌሊት አማካይ ከ53 ዴሲቤል በታች እንዲሆን የመከረው ለጆሮ ብቻ አስቦ አይደለም። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በመፈልፈያ ውስጥ የሚውል ወጣት ከሁለት በኩል እየተመታ ነው፤ ጆሮው በቀጥታ፣ ከዚያም ደግሞ በደም ሥሩ በኩል።

መፍትሔው ሩዝ መፈልፈሉን መተው አይደለም። ሞተሩን ከሠራተኛው በግንብ መለየት፣ የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ ከማሽኑ ሥር ንዝረት የሚቀንስ ጎማ ማስገባት፣ ሠራተኛውን በፈረቃ ማሠራትና የጆሮ መሸፈኛ ማቅረብ ከአንድ ኩንታል ሩዝ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ የሚያስመርሩ ወጪዎች አይደሉም። በነገራችን ላይ፣ በሠርግና በለቅሶ ጥይት የመተኮስ ልማዳችንም ከዚህ የከፋ ነው። ከጠመንጃ አፍ የሚወጣው ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ በአንድ ተኩስ ብቻ ለዘለቄታው ሊያደነቁር ይችላል። ሙሽራው ያላወቀው ስጦታ ልንለው እንችላለን።

ከክንን የተገኘ ትምህርት

ፎገራ የወባ አገር ነው። በአማርኛ ማንኛውንም እንክብል መድኃኒት «ክኒን» የምንለው ለወባ ይሰጥ ከነበረው ከኪኒን ስም ወስደን ነው። ኪኒን የወሰደ ሰው ጆሮው እንደሚጮኽበት የቀድሞ ሰዎች ያውቁታል። ይህ መድኃኒት ልብንም እንደሚነካ የታወቀው ግን በአጋጣሚ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ነጋዴ፣ የሚዛባ የልብ ምቱን በኪኒን እንደሚያስተካክል ለሆላንዳዊው የልብ ሐኪም ለቬንከባክ ነገረው። ከዚያ በኋላ የኪኒን እኅት የሆነው ኪኒዲን ለብዙ ዓመታት የልብ ምት መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል። አንድ እንክብል በጆሮም በልብም ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ ሁለቱ አካላት የሚጋሩት መዋቅር አለ ማለት ነው።

የሚጋሩት ነገር በሴል ሽፋን ላይ የሚገኙት የፖታሲየም በሮች ናቸው። ለዚህ እጅግ አሳዛኝ የሆነው ማስረጃ የመጣው ከኖርዌይ ነው። ጀርቬልና ላንገ ኒልሰን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ አንድ ቤተ ሰብ ጻፉ። ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ ከስድስት ልጆቻቸው ግን አራቱ መስማት የተሳናቸው ሆነው ተወለዱ። እነዚህ አራቱ በሩጫ ወይም በድንጋጤ ጊዜ ራሳቸውን ይስቱ ነበር፤ ሦስቱም በልጅነታቸው በድንገት ሞቱ። በልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ፣ ኢሲጂ በምንለው፣ ሲታይ ልባቸው ከአንዱ ምት በኋላ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት ከተገቢው በላይ ይዘገይ ነበር። አንድ የተበላሸ የፖታሲየም በር በጆሮ ውስጥ ባትሪውን ባዶ አድርጎታል፤ በልብ ውስጥ ደግሞ ምቱን አዛብቷል።

ሕመሙ እጅግ አልፎ አልፎ የሚገኝ ነው፤ ልጁ የሚታመመውም የተበላሸውን ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆቹ ሲወርስ ብቻ ነው። በአካባቢያችን ከመጋባት በፊት ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ እንዲህ ያሉ ውርሶች እንዳይገናኙ ያግዛል፤ አባቶቻችን ስለ ዘረ መል ሳይሰሙ ያገኙት ጥበብ ነው። ሆኖም አንድ መስማት የተሳነው ተማሪ በስፖርት ሜዳ ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ መምህሩ «የሚጥል በሽታ ነው» ወይም «መንፈስ ነው» ብሎ እንዳያልፈው አደራ እንላለን። ኢሲጂ ሕመም የሌለው፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ምርመራ ነው። ሕመሙ ከታወቀ ድንገተኛውን ሞት ለመከላከል የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ።

በተቃራኒው አቅጣጫም መጠንቀቅ ያሻል። ለደከመ ልብ ውኃ እንዲያስወጣ የሚሰጠው ላሲክስ በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ሲሰጥ፣ በተለይም ጄንታማይሲን ከተባለው መርፌ ጋር ሲገናኝ፣ ያንኑ የጆሮ ባትሪ ሊያውክ ይችላል። ጉሮሮን ከሚያቆስል ባክቴሪያ ተነሥቶ የልብን በሮች ለሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ብዙ አስፕሪን የሚወስድ ወጣት ጆሮው ሊጮኽበት ይችላል፤ መጠኑ ሲቀነስ ጩኸቱ ይጠፋል። መድኃኒቱን ግን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ከጆሮው ጩኸት የባሰ ነው፤ ለሐኪሙ መንገር ነው እንጂ።

እንግዲህ ለእረፍት ወደ ቤተ ሰቦቻችሁ የምትሄዱ ተማሪዎች አንድ ሙከራ እንድትሠሩ እንጠይቃለን። የመስማት ችሎታ መለኪያ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ ሹክሹክታ ግን ሁሉም ቤት አለ። ከአያታችሁ ወይም ከአባታችሁ በስተ ኋላ በክንድ ርቀት ቁሙ፤ አንዱን ጆሯቸውን በጣት አሸት እያደረጉ እንዲሸፍኑ አድርጉና በሌላው በኩል ሦስት ቁጥሮችን በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ከዚያም እንዲደግሙላችሁ ጠይቁ። ከሁለት ሙከራ በኋላ ከግማሽ በላይ መድገም ካልቻሉ ጆሯቸው ይታይ። በጆሯቸው ውስጥ እንደ ልብ ትርታ ድም ድም የሚል ድምፅ ይሰማቸው እንደሆነም ጠይቁ፤ ይህ ከሆነ ጉዳዩ የደም ሥር ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው። ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስዷቸውም «ጆሯቸውን ነው ያመማቸው» ብላችሁ ብቻ እንዳትመለሱ። ክንዳቸውም ይለካ።

በወረታ ያገኘነው ወጣት ስልካችንን ወስዶ ነበር። ከወራት በኋላ ደወለ። አባቱ ተለክተው የደም ግፊታቸው ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ መድኃኒት ጀምረዋል፤ አቀበቷን አሁን አንዴ ብቻ አርፈው ይወጣሉ። ጆሯቸውስ ብለን ጠየቅነው። ጆሯቸው አልተመለሰም። ከሁለቱ የተሻለው ቀኙ መሆኑን ስለደረሱበት ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ በቀኛቸው በኩል እየተቀመጠ፣ ሳይጮኽ፣ ፊት ለፊት እያያቸው ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል። ባለፈው ሰሞንም ለሽምግልና ተጠርተው ሄደዋል፤ የተቀመጡትም ከግራው ጫፍ ነው፣ ሁሉም በቀኛቸው እንዲሆን።